በሲስተር ዘነበች ስም የተከፈተው ኮምፒውተር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ኃላፊው ቆሞ «ጋሼ ደምሴ ሲስተሞቻችን ለባለሙያው ቀላል እንዲሆኑ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል» አለ፤ ተጨበጨበ። ጋቢው ጥሩ ጋቢ ነው። በምኖርበት ለቡ መብራት ኃይል ብርድ አይጠፋምና አልጠላሁትም። ንግግሩ ግን ውሸት ነበር። ዕድሜዬን መስጠቴ እውነት ነው፤ በእኔ ምክንያት ቀላል የሆነ ሲስተም ግን አላውቅም። እኔ የማውቀው፣ ከባድ ነው ብዬ ተናግሬ ተናግሬ ጆሮ ዳባ ልበስ የተባልኩትን ነው።

ሥራዬ ምን እንደነበረ ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ኮምፒውተር ጠጋኝ እመስላቸዋለሁ፤ ስልኩ የተበላሸበት ሁሉ በሬን ያንኳኳል። ባለቤቴ እንኳ ለዘመድ ስታስረዳ «ጤና ጥበቃ ነገር ነው የሚሠራው» ብላ ታልፈዋለች። ሥራዬ ይህ ነበር፦ በየጤና ጣቢያው የሚገባውን የኮምፒውተር ሲስተም ነርሷ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛው፣ ፋርማሲስቱ ሲሠሩበት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማየት። የት ላይ ይደናገራሉ? የትኛውን ቁልፍ ከየትኛው ጋር ያምታታሉ? በሽተኛ ሲጮህ፣ ሰልፍ ሲረዝም፣ ያው ገጽ ይታገሣቸዋል ወይስ ጥሏቸው ይጠፋል? ማሽኑ ይሠራል ወይ ብሎ የሚመረምር ሌላ ባለሙያ አለ። የእኔ ጥያቄ ሰው ይሠራበታል ወይ ነው። ሁለቱ አንድ የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ አለቆቼ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ስጀምር ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። አቧራ፣ መደርደሪያ፣ ካርዱ የጠፋበት ሰው ስድብ፤ ሥራው ያ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ «ደምሴ ትንሽ እንግሊዝኛ ይሞክራል» ተባለና ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ሆኖ ወንበሩ ብቻ ተሻሻለ። ጋሽ ብርሃኑን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ብርሃኑ በወጣትነታቸው የታይፕ አስተማሪ ነበሩ። ኮምፒውተር ታይፑን ሲያባርረው እሳቸው አብረው አልተባረሩም፤ ሥልጠና ክፍል ገቡ፣ ከዚያም ሲስተም የሚገመግም ሰው ሲታጣ «እርስዎ ይሻላሉ» ተባሉ። በእርግጥም ይሻሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የተማሪ ጣት የትኛው ፊደል ላይ እንደሚያመነታ ሲያዩ ስለኖሩ፣ ሰው ሲሠራ ፊቱን አያዩም፤ እጁን ነው የሚያዩት። ነርሷ ማውሱን ይዛ ወዴት ልሂድ ስትል፣ ከእሷ በፊት የሚሳሳተውን ጣት እሳቸው ያውቁታል።

አጭር በርጩማ ነበረቻቸው። ወደየጤና ጣቢያው ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይዘዋት ይገባሉ፤ ረዳቱ ሁልጊዜ «ፋዘር፣ የእሷንም ይከፍላሉ» እያለ ይቀልድባቸዋል። ሰው ከበላዩ ለተቀመጠ እውነት አይናገርም ባይ ናቸው፤ ስለዚህ ከነርሷ ወንበር ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ጭናቸው ሥር ይከታሉ። ይህ እንዳይረዷት ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ነርሷ ስትጨነቅ አንጀቴ አይችልም፣ «እዚህ ጋ ተጫኚው» እላለሁ። አንድ ቀን ከክፍሉ ውጭ ጠርተው ተቆጡኝ።

«ዛሬ አሳየሃት። ነገ ማን ያሳያታል? አንተ ስትረዳት ሲስተሙን ነው ያዳንከው፤ እሷን እዚያው ጥለሃት ነው የምትሄደው።»

ሌላው ልማዳቸው ሻይ ነው። የትም ሄደን ሻይ ሲቀርብልን ሥራው ሳያልቅ አይቀምሱም። ሰዎቹ ይቀየማሉ፣ እሳቸው ጨጓራዬን ያመኛል ይላሉ። እውነተኛውን ምክንያት ለእኔ ነው የነገሩኝ፦ ሻይ ከጠጣህ እንግዳ ሆንክ፤ ለእንግዳ ደግሞ ጥሩ ጥሩው ብቻ ነው የሚነገረው። እኔ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የሙያ ጽሑፍ ሁሉ ይህን አይልም። የፈረንጆቹ መመሪያ ተጠቃሚውን ቁጭ አድርገህ ሐሳቡን ጮክ ብሎ እንዲናገር ጠይቀው ይላል። የኛን ሰው ቁጭ አድርገህ «ሲስተሙ እንዴት ነው?» ብትለው «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ነው መልሱ። ዓይንህ እያየ ሲሳሳት እንኳ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ይልሃል። ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ጋሽ ብርሃኑ «እንዴት ነው» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «እስቲ ይህችን እናት መዝግቢያት» ይላሉ፣ ዝም ብለው ያያሉ። የሚሄዱትም ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፉ በር ላይ ሲደርስ ነው። በሥልጠና አዳራሽ ውስጥ የማይሠራ ሲስተም የለም ይሉ ነበር።

ከእሳቸው የተማርኩትን ይዤ ብዙ ጤና ጣቢያ ዞርኩ። ገና በር ስገባ ዓይኔ የሚሄደው ስክሪኑ ዳር ላይ ነው። ስክሪኑ ዙሪያ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ካለ፣ ሲስተሙ የደከመው እዚያ ላይ ነው። «መጀመሪያ ይህን፣ ከዚያ ያንን፣ ቀዩን እንዳትነኪ» ተብሎ ተጽፎ ታገኛለህ። ቀዩን እንዳትነኪ የሚባልበት ገጽ ላይ ቀዩን ቁልፍ ከአረንጓዴው አጠገብ ያስቀመጠው ሰው ሕፃን አዝሎ ካርድ ያስወጣ ሰው አይደለም። አንዱ ሲስተም የቤተሰብ ስም ካልሞላህ አላሳልፍ ይል ነበር። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ነው፤ የካርድ ክፍሎቹ ልጆች ሲቸግራቸው ሁሉም በሽተኛ ላይ አንድ ነጥብ እየጻፉ አለፉ። በኋላ ኮምፒውተሩ ያንን ሁሉ ሕዝብ የአንድ ቤተሰብ ልጆች አደረገው። ስቀናል፤ ግን የሰው ካርድ ከሰው ካርድ ሲምታታ የሚያስቅ ነገር አይደለም።

በዘመኔ ሁሉ ያሳካሁት ምንድን ነው ብትሉኝ አንድ ጠረጴዛ ነው። ላፍቶ በኩል በነበረ ጤና ጣቢያ ኮምፒውተሩ የገባው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ባለበት ግድግዳ በኩል ስለነበር፣ ነርሷ ስትጽፍ ጀርባዋን ለበሽተኛ ትሰጣለች። ከዚያው አካባቢ የድሮ ገበሬ ቤተሰብ የሆኑ አንዲት እናት ገቡ፤ መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም የተሠራባቸው፣ ሁለት ላም ግን እስከዚያን ጊዜ ያልለቀቁ። ሕመማቸውን እየተናገሩ ድንገት ዝም አሉ። ነርሷ ዘወር ብላ «ይቀጥሉ እማማ» ስትላቸው፣ «አንቺ ከግድግዳው ጋር ስትጨርሺ እኔ እነግርሻለሁ» አሏት። እኔና ጥበቃው በዚያው ቀን ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ አምጥተን ጠረጴዛውን አዞርነው። ፈቃድ አልጠየቅንም፤ ብንጠይቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ይጠና ነበር።

አለቆች መጡ ሄዱ። የመጀመሪያው የጻፍኩትን ያነብ ነበር፣ ምንም ባያደርግበትም። ቀጥሎ የመጣው አያነብም ግን አያስቸግርም። የመጨረሻው አቶ ፍቃዱ ነው። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ስሜን ሳያከብር ጠርቶኝ አያውቅም። የሚወደው ምረቃ ነው። ሲስተም ሲመረቅ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ አዳራሽ ሲሞላ ፊቱ ይበራል። ከምረቃው ማግስት ግን ነገሩ ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ ይሆንበታል። ጋሽ ብርሃኑ ያኔ በሕይወት አልነበሩም፣ ነፍሳቸውን ይማር። አቶ ፍቃዱን ቢያዩት ምን ይሉ እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ።

በእሱ ጊዜ ነው አዲሱ ሲስተም የመጣው፣ ካርድ የሚባለውን ነገር ጨርሶ የሚያስቀረው። እኔም ልፈትሸው ሲስተር ዘነበች ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ዘነበች የሕፃናት ክፍሉ አንጋፋ ነርስ ነበረች። ከካርድ ክፍል ዘመኔ ጀምሮ እንተዋወቃለን። ግማሹ የነፋስ ስልክ ልጅ የመጀመሪያ መርፌውን የተወጋው በእሷ እጅ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን የለበትም። የልጅ ትንፋሽ ሰምታ ኮሪደር ላይ ከተሰለፉት መሐል መርጣ የምታስገባ፣ እናቶቹን እየተቆጣች የምትወድ ሴት ነበረች።

ሲስተሙ እያንዳንዱ ነርስ በራሷ ስምና በራሷ ፓስወርድ እንድትገባ ያዝዛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማን ምን እንደሠራ ይታወቃል። ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ትንሽ ካልተነካ በራሱ ይዘጋል። እንደገና ለመግባት ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ያለበትን ፓስወርድ በጓንት እጅ መጻፍ፣ ከዚያ ያ ክብ ነገር እየተሽከረከረ መጠበቅ ነው። ያን ጊዜ ሕፃኑ ይጮኻል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ በሩ ላይ «ተራዬ ነው» የሚል ጠብ ይነሣል።

ነርሶቹ መላ አበጁ። ጠዋት ሲስተር ዘነበች ቀድማ ትመጣለች፤ ክፍሉን የምትከፍተው እሷ እንደሆነች ሁሉ ኮምፒውተሩንም በስሟ ትከፍታለች። ሌሎቹ በዚያው ይሠራሉ። ታላቅ ሰው የከፈተውን ዘግቶ በራስ ስም መክፈት ደግሞ ለወጣቶቹ ነርሶች ነውር መሰላቸው። እንዳይዘጋባቸው ሲሉም ሁሉም እንደ ሽሮ ወጥ ይጠብቁታል፤ በዚያ ያለፈ ሁሉ ማውሱን ነካ ያደርጋል። ጽዳቷ ሳትቀር። «ማውሱን ነካ አድርጊልኝ» የሚለው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይሰማል።

እንደ ጋሽ ብርሃኑ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ይህን ሁሉ አየሁ። ስድስት ሰው የሚሠራውን ሥራ ኮምፒውተሩ በአንዲት ሴት ስም ይመዘግባል። ሄጄ ጻፍኩት። ነርሶቹ አጥፍተዋል ብዬ አልጻፍኩም፤ ይህ ሲስተም ሰውን አስገድዶ በሰው ስም ያሠራል፣ ነገ አንድ ጥፋት ሲመጣ የማን እንደሆነ አይለይም፣ ሳይስተካከል አይመረቅ ብዬ ነው የጻፍኩት። በዘመኔ እንደዚያ ጥርት አድርጌ የጻፍኩት የለም።

አቶ ፍቃዱ አስጠርቶ ውኃ አቀረበልኝ። ሲስተሙን ወደሠራው ድርጅት መመለስ ብዙ ወራት ይፈጃል፣ የምረቃው ጥሪ ተበትኗል አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ ጉድለቱን ነው የሚያመጡልኝ» አለ፣ በትሕትና። የእኔ ገጾች በእሱ ጠረጴዛ በኩል ካለፉ በኋላ ለበላይ የደረሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ ለባለሙያዎች ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋል። እኔም እሱን አልፌ ወደ አለቆቹ ወጥቼ በቃል አመለከትኩ። የምትሠራው በየትኛው ክፍል ነው ብለው ጠየቁኝና ወደ አቶ ፍቃዱ መለሱኝ።

ምረቃው ላይ አዳራሹ በአበባ አጊጦ ነበር። እንግዶች ተናገሩ፣ ድርጅቱ ተሸለመ። በመጨረሻ አቶ ፍቃዱ «እስቲ ደግሞ ከተጠቃሚው እንስማ» አለና ካሜራው ወደ ሲስተር ዘነበች ዞረ። ታላቅ ስለሆነች ነው የተመረጠችው። ነጭ ጋዋኗን በደንብ ተኩሳ መጥታ ነበር። ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ እንዲህ አለች፦ «ሥራችንን አቅልሎልናል። ምንም የተቸገርነው ነገር የለም። ለደከማችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።» አዳራሹ አጨበጨበ።

ሲያልቅ ተከትያት ወጣሁ። ምነው ሲስተር፣ ያየሁት ሌላ፣ የተናገርሽው ሌላ አልኳት። ተናደድኩባት፤ አልደብቅም።

«ምን ልበል ታዲያ?» አለችኝ። «ሰው ስጦታ ይዞ ቤትህ ሲመጣ፣ ጠበበኝ ብለህ ሰው ፊት ትወረውርለታለህ? ለአንተማ እውነቱን አሳይቼሃለሁ አይደል። አንተ ደግሞ ለሚመለከተው ንገራቸው።»

ነግሬያቸዋለሁ፣ አልሰሙኝም ማለት አፈርኩ። በኮንትራት ታክሲ እስከ ጎፋ ሸኘኋት።

ከዚያ በኋላ ያለውም ይጻፍ። አንዲት የታመመች ሕፃን በየቀኑ የአንቲባዮቲክ መርፌ ትወጋ ነበር። እናቷ ጎፋ ሱቅ ያላት፣ ከደቡብ መጥታ በንግድ የምትተዳደር ወጣት ሴት ናት። አንድ ጠዋት አንዷ ነርስ መርፌውን ወጋቻት። ልትመዘግብ ስትል ሲስተሙ ቆመ፤ ሲመለስ እጽፈዋለሁ ብላ ወደሌላ ሕፃን ሄደች። ሲስተሙ ሲመለስ ሌላዋ ነርስ ገጹን ከፈተች፤ የዛሬው መርፌ አልተሰጠም ይላል። እናቲቱ «አሁን ተወግታለች መሰለኝ» ብላ ነበር፤ ግን ኮምፒውተሩ አልተወጋችም ካለ እናት ማን ናት። ደገሙት። መድኃኒቱ ሲበዛ ኩላሊት የሚጎዳ ዓይነት ነበርና የሕፃኗ ኩላሊት ተጎድቶ ወደ ሆስፒታል ተላከች። ብዙ ቀን ከተኛች በኋላ ዳነች፤ ተመስገን። እናቷ ግን ከሰሰች። መብቷ ነው፤ የእኔ ልጅ ብትሆን እኔም እከስ ነበር።

የሁለቱም ነርሶች ሥራ በኮምፒውተሩ ላይ በሲስተር ዘነበች ስም ነው ያለው። ሲስተር ዘነበች በዚያች ሰዓት ሌላው ሕንጻ ላይ ክትባት እየሰጠች ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተር ከሁለቱም ይብሳል። በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች።

ሁለቱ ወጣት ነርሶች ጨዋ ነበሩ፣ አልካዱም። ሁለቱም ገብተው እያለቀሱ «የወጋነው እኛ ነን» አሉ። ሰብሳቢው አመሰገናቸውና «እንግዲያው ፓስወርዷን ለሌላ ሰው አሳልፋ መስጠቷ ተረጋገጠ» አለ። ልጆቹ ሊያድኗት መጥተው ማሰሪያዋን አጠበቁላት። ሲስተር ዘነበች ሲስተሙ እንደማያሠራ ለማስረዳት ስትሞክር ደግሞ ከምረቃው የተቀረጸው ቪዲዮ ተከፈተ። ራሷን በትልቁ ስክሪን ላይ አየችው፤ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ምንም የተቸገርነው ነገር የለም ስትል። ሰብሳቢው «ይህን ያሉት እርስዎ ነዎት?» አላት። እሷም «እኔ ነኝ» አለች። ያ ሁሉ የኮሚቴ ሰው እንደዚያ የሚባለው ለምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። እያንዳንዳቸው እቤታቸው የማይወዱትን ስጦታ አመስግነው የተቀበሉ ሰዎች ናቸው።

ኮሚቴው እኔን አልጠራኝም ነበር፤ ራሴ ሄድኩ። ለመናገር ፈቃድ ስጠይቅ ሰብሳቢው «በአጭሩ» አለኝ። በአጭሩም አልተናገርኩም፤ ከንግግር ይልቅ ጋሽ ብርሃኑ ያስተማሩኝን አደረግኩ። ለቢሮ ሰዎችም ሪፖርት ማያ ፓስወርድ ተሰጥቷቸው ስለነበር «እስቲ ጌታዬ፣ እርስዎ ራስዎ አንድ ጊዜ ገብተው ያሳዩን» አልኩት። ላፕቶፑ ቀረበለት። ሞከረ፣ አልሆነም። መነጽሩን አውልቆ ሞከረ። ሲስተሙ ዘጋበት። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሰብሳቢው እየሳቀ «እኔ ነኝ እንጂ እሱ ምን ያድርግ፣ ከኮምፒውተር ጋር አልተዋደድንም» አለ። ያን ጊዜ አጠገቡ ያለችው ጸሐፊ «እኔ ልክፈትልዎት» ብላ ጎንበስ አለችና በራሷ ፓስወርድ ከፈተችለት። እሱም ወንበሩን አስጠግቶ «ይኸው፣ ተከፈተ» አለ።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። «አሁን በማን ስም ነው ያሉት?» ብዬ ጠየቅኩት።

አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ፣ ሰብሳቢው ራሱ ሳቀ። አሸነፍን ብዬ ወደ ሲስተር ዘነበች ዞርኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሰብሳቢው ሳቁን ሲጨርስ «አቶ ደምሴ፣ ይህ ሌላ ነው፣ ያ ሌላ ነው» አለኝ። «እኔ መርፌ አልወጋሁም።»

«እሷም አልወጋችም» አልኩት።

«ተመዝግቧል» አለና ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋው። ውሳኔው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ፤ በዚያው ከሰዓት ተነበበ። ሲስተር ዘነበች ከሥራ ተሰናበተች፣ የሙያ ፈቃዷም እንዲታይ ተመራ። ጡረታዋ ደጃፍ ላይ ደርሳ ነበር። አቶ ፍቃዱ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ ከልቡ አዘነ። በእውነት አዘነ፤ ዓይኑ ውኃ ሞላ። ሲስተሙን ግን የነካው የለም። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ፓስወርድ ለሌላ ሰው መስጠት ያስቀጣል የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ እኔም እስክወጣ ድረስ መፍትሔው እሱ ሆኖ ቀረ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ነርሶቹ ፈርተው እያንዳንዳቸው እየዘጉ እየከፈቱ መሥራት ጀመሩ፤ ሰልፉ እስከ ውጭ በር ረዘመ፣ ያልተዳረሰላቸው እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ መመለስ ያዙ። ይህም የሲስተሙ ጥፋት ነው፤ እሱን የሚከስ ግን የለም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሲስተር ዘነበችን ጎፋ ኮንዶሚኒየም ከልጇ ጋር ወደምትኖርበት ቤት እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ይግባኝ እንድትል ብዙ ለመንኳት፤ ምስክር እሆናለሁ፣ ጠበቃም አውቃለሁ አልኳት። ባለፈው ስሄድ ነገሩን አንሥቼ እንደለመድኩት ስነዘንዛት ጠየቀችኝ።

«ደምሴ፣ በምረቃው ቀን እውነቱን ተናግሬ ቢሆንስ? ምን ይሆን ነበር?»

ማይኩን ይቀበሏት ነበር። ሌላ ሰው ያስመሰግኑ ነበር። ይመረቅ ነበር። ይህን ልነግራት አልፈለግኩም፤ ለካ እሷ ታውቀዋለች።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ከታች ፎቅ የምትኖር ልጅ እግር ሴት ናት፣ ጨቅላ ልጇን በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ሌሊቱን ሲያተኩሰው እንዳደረ፣ ጤና ጣቢያ ወስዳው ሲስተም የለም ጠብቂ ተብላ ጠብቃ ጠብቃ እንደተመለሰች ነገረቻት። «ሲስተር፣ እባክሽ አንድ ጊዜ ብቻ እይልኝ» አለቻት፣ ልጁን እየዘረጋችላት።

ሲስተር ዘነበች ወደኋላ ሸሸች። «እኔ አሁን ሲስተር አይደለሁም የኔ እህት። ብነካው ነገ ሌላ ነገር ይመጣል። ወደ ሆስፒታል ውሰጂው፣ ቶሎ» አለች። ሴትየዋ ቅር ብሏት፣ ምን በደልኩሽ በሚል ዓይን አየቻትና ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ሲስተር ዘነበች በሩን አልዘጋችም። አንገቷን ወደ ደረጃው አዘንብላ ቆመች። የምትሰማው የልጁን ትንፋሽ ነበር።

«እያቃሰተ ነው የሚተነፍሰው» አለችኝ፣ ድምጿ ተለውጦ። «ደምሴ፣ ሩጥ። ኮንትራት ታክሲ ያዝላቸው፣ በእግሯ እንዳትሄድ። ሳንባው ነው፣ ሳንባው ነው ብለሽ ንገሪያቸው በላት።»

በዚህ ዕድሜዬ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ታክሲ አገኘሁ፣ አሳፈርኳቸው፣ የተባልኩትን ነገርኳት፤ ሾፌሩንም አደራ አልኩት። ትንፋሼ ተቆርጦ ተመልሼ ስወጣ በሩ እንደተከፈተ ነው። ሲስተር ዘነበች መታጠቢያው ጋ ቆማ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በሥራ ዘመኗ በሽተኛ ካየች በኋላ እንደምታደርገው፣ እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ትታጠብ ነበር። ልጁን አልነካችውም።